«ቆሞ ቀር» ማን ነው? «ከጥንትም እንዲሁ ነው» ስለምንለው ነገር

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ የሌላችሁ ለማታ አቆዩት።

ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ትዳር ያልያዘ፣ እጮኛ ነበረችው ሲባል እንኳ ተሰምቶ የማያውቅ ሰው በእኛ አገር ስሙ ሲነሣ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሴት ከሆነች «ዓይነ ጥላ አለባት»፣ «ዛር አግብቷት ነው»፣ «መርጣ መርጣ ቀረች» ነው። ወንድ ከሆነ ድምፅ ዝቅ ይደረግና «እሱ እኮ ወንድ አይደለም» ይባላል፤ ካልሆነም «አንዷ ልቡን ሰብራው ነው»፤ እሱም ካልሆነ «ሊመንን ነው»። ዝም ብሎ ሳያገባ፣ ማንንም ሳያውቅ እዚህ ዕድሜ የደረሰ ጤነኛ ሰው ሊኖር ይችላል የሚል አንድ ሰው አይገኝም። የግድ የተደበቀ ነገር መኖር አለበት። «ለምን እንዲህ ትላላችሁ?» ስትሉ መልሱ አጭር ነው፤ «ባህላችን ነው፣ ከጥንትም እንዲሁ ነው»።

እንግዲህ ታሪክ ለሚያስተምር ሰው «ከጥንትም እንዲሁ ነው» ካላችሁት እንቅልፍ አይወስደውም። (ስለ እኔ ትዳር በውስጥ መስመር መጠየቅ ክልክል ነው። ቀለበት እንደሌለኝ ፎቶዬን ያየ ሁሉ ያውቃል።)

ከቅርባችን ልጀምር። ማንኩሳ ለእኛ ሩቅ አይደለችም፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ መንገድ ላይ ናት። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ በዛብህ የተወለደው እዚያ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ የፍቅር ታሪክ ብለን ነው የምናነበው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውማ ስንቱ አልቅሷል። እስቲ አንድ ጊዜ በሌላ ዓይን እዩት። ዋናዎቹ ሁለት ሰዎች እስኪገናኙ ድረስ ሁለቱም ማንንም የማያውቁ ዐዋቂዎች ናቸው። በዛብህን ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ለእግዚአብሔር ተስለውታል፤ ሳያገባ በድንግልና ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል። ሰብለወንጌልን ደግሞ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ «ለእሷ የሚመጥን ዘር የት አለ» እያሉ ጠያቂውን ሁሉ መለሱባት፤ መለሱባት፤ በኋላ ጠያቂም ጠፋ። አንዱ በሰው ስእለት፣ አንዷ በሰው ኩራት። ዛር የለበትም። ዓይነ ጥላ የለበትም። በሽታ የለበትም። መርጣ መርጣ የቀረችም የለች፤ የመረጡት አባቷ ናቸው።

ደግሞ ተመልከቱ፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ልባቸው የደረቀ አይደለም። ቀርቶባቸው የቆየው ልምዱ እንጂ ስሜቱ አይደለም። በዛብህ ቢፈራ፣ ቢንተባተብ፣ ከራሱ ጋር ቢጣላ ስእለቱን ስለሚፈራ ነው። «ይሄን ያህል ዕድሜ ያለ ፍቅር የኖረ ሰው ፍቅር የሚባል ነገር አይገባውም» ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ልብ ወለድ ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ልብ ወለድ ነው። ግን ደራሲው ጎጃም ተወልደው፣ ጎጃም ቅኔ ተምረው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ስእለቱንም የዘር ቆጠራውንም ከሌላ አገር አላመጡትም።

ታዲያ የድሮ ሰው ሳያገቡ መቅረትን ያን ያህል ለምን ፈራው? ፍቅር ያመልጠኛል ብሎ አይደለም። የገበሬ ቤት ሥራ በሁለት የተከፈለ ነበር። ሞፈርና ቀንበሩ የወንድ፣ ምጣዱና እንስራው የሴት። ብቻውን ያለ ወንድ ቢያርስ ማን ይጋግርለታል? ብቻዋን ያለች ሴት መሬት ቢኖራት እንኳ ለእኩል አራሽ መስጠት አለባት፤ ከምርቱ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ቋንቋችንም ይመሰክራል። ልጁ አገባ ለማለት «ጎጆ ወጣ» እንላለን፤ ነገሩ የጎጆ ነው። አላን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ዳሞት ውስጥ ገበሬ መሀል ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ወጥቷል። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቅ ስለነበር ጋብቻ ማለት የሁለት ቤተሰብ መሬትና ከብት መገናኘት ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽና ማጫ ይቆጠራል፣ ዘር ይጠናል። ሙሽሪት ሙሽራውን በሰርጉ ቀን ልታየው ትችላለች።

እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ «ከማግባትህ በፊት ፍቅረኛ ነበረህ ወይ?» ማለት መለኪያ ሊሆን ይችላል? ጥያቄው ራሱ ነውር ነው! አያቶቻችን አብዛኞቹ ዛሬ እኛ «የፍቅር ልምድ» የምንለው ነገር ሳይኖራቸው ነው ጎጆ የወጡት። ዛሬ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ «ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አንድም ገርልፍሬንድ ኖራው አታውቅም፣ ጤነኛ ነው?» የሚለው ፌዝ ከፊልምና ከዶርም ወሬ የመጣ አዲስ ነገር ነው። በአያቶቻችን ስም አትማሉበት።

ዕድሜውንም እንይ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት አድርጎ ደንግጎ ነበር። ገጠር ማን ሰማው? እ.ኤ.አ. በ2005 የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው አማራ ክልል ውስጥ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያገቡት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ግማሹን ለመድረስ 21 ዓመት ማለፍ ያስፈልጋል። እንግዲህ አስቡት፤ በእኛ ገጠር አንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳታገባ ከተገኘች ጓደኞቿ ሁሉ ልጅ አዝለው ነው የምታያቸው። «ቆሞ ቀር» ለመባል ሠላሳ ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። ቃሉ የተሰፋው ለልጆች ልክ ነው፤ እኛ ነን ዛሬ ለተማረችው ሴት የምናለብሳት።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልለፍ፤ ወደ ቤተ ክህነቱ። እዚያ ነገሩ ይገለበጣል። ያው ማንንም ያላወቀ ሰው ቆብ ከደፋ ይከበራል፣ ጉልበቱ ይሳማል፣ «በጸሎትዎ ያስቡን» ይባላል። ለጵጵስና የሚታጨው በድንግልና የመነኮሰ እንዲሆን ይጠበቃል። ቆቡን አውልቁና ያንኑ ሰው ቡሬ ገበያ መሀል አቁሙት፤ ምን እንደሚባል ከላይ ጽፌዋለሁ። የንስሐ አባታቸው መነኩሴ የሆኑ ባልና ሚስት ሲጣሉ ለማን ነው የሚናገሩት? ለእሳቸው! አግብተው የማያውቁት አባት ትዳር ያስታርቃሉ፣ ምክራቸውም ይሰማል። ያላገባ መምህር ግን ስለ ትዳር አንድ ቃል ቢተነፍስ «አንተ ምን ታውቅና» ነው።

በዚህም በኩል የተጣመመ ግንዛቤ አለ። አንደኛው መነኩሴ ሁሉ ዓለምን ሳያውቅ የገባ ይመስለናል። ወለተ ጴጥሮስን ውሰዱ። በሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት ተቃውማ የቆመች፣ ጣና አካባቢ የመነኮሳት ማኅበር የመራች፣ እ.ኤ.አ. በ1642 ያረፈች ቅድስት ናት። ገድሏ እንደሚለው መልክአ ክርስቶስ የሚባል መኳንንት አግብታ ሦስት ልጆች ወልዳ ሁሉም በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ቤተ ክህነቱ ራሱ በድንግልና የመነኮሱትንና ከትዳር በኋላ የገቡትን መዓስባንን ለይቶ ያውቃቸዋል። የምናቀላቅለው እኛ ነን።

ሁለተኛው፣ ወጣት ሴት መነኮሰች ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን ከዳት?» የሚለውን ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስታውሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በመጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት የፒያኖ እናት። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ ስዊዘርላንድ ተምረዋል፣ ካይሮ ሄደው ቫዮሊን አጥንተዋል። ለንደን ሄደው ሙዚቃ ለመማር ዕድል አግኝተው ነበር፤ እንዳይሄዱ ተከለከሉ። እህል አልቀምስም እስከ ማለት ደረሱ። በኋላ ግሸን ማርያም ገቡ፣ መነኮሱ፣ ለዓመታት በባዶ እግራቸው ኖሩ። ከዚያ ፒያኖው ተመለሰ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ሸክላ አሳተሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አላገቡም። ከምንኩስናቸው በፊት የነበረው ትልቁ ስብራት ግን የትምህርት ቤት በር መዘጋት ነበር። ሴት ልጅ ስለ ሙዚቃ ልቧ ሊሰበር እንደሚችል ለማመን ለምን እንደሚቸግረን እንጃ።

ሦስተኛው፣ ድንግልና የሴት ጉዳይ ብቻ ነው የምንለው ነው። ተክሊል በሥርዓቱ ለሁለቱም ነው፤ ሙሽራውም ሙሽሪትም ደናግል ከሆኑ ነው አክሊሉ የሚደፋላቸው። ዲያቆን ቄስ መሆን ከፈለገ መጀመሪያ ድንግል ልጅ በሥርዓት ያገባል፤ እሱም ራሱን ጠብቆ የቆየ መሆን አለበት። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችን ሲቆይ አቡነ ማርቆስ በአንድ ቀን ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ቅስና ሲሰጡ አይቶ ጽፏል፤ በዲቁናው ጊዜ ደግሞ ገና አፍ ያልፈቱ ሕፃናት ሳይቀሩ ሲቀርቡ ተገርሟል። አገሩ ሰፊ፣ ጳጳሱ ከግብፅ የሚላክ አንድ ሰው፤ እሱም ከሞተ ተተኪው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለዚህ ልጁን ቶሎ ማስቀደስ። ዲያቆን ከሆነ ደግሞ እስኪያገባ ራሱን መጠበቅ አለበት። ስንት ሺህ የጎጃምና የጎንደር ጎረምሳ በዚህ ሕግ ሥር አድጓል! «ወንድ ልጅ ሳያውቅ አይቆይም፣ ከቆየ ችግር አለበት» የሚለውን ፈሊጥ ለእነዚህ ሰዎች ብትነግሯቸው ግራ ይገባቸው ነበር።

በሴቶቹ በኩል ግን ነገሩ መከራ ነው። የሰርጉን ሌሊት ታውቃላችሁ፤ «ብር አምባር ሰበረ» ተብሎ ሚዜ የሚጨፍርበት፣ ደም የነካ ጨርቅ ለቤተሰብ የሚታይበት። ጨርቁ ነጭ ከወጣ ልጅቱ በማግስቱ ወደ አባቷ ቤት ልትመለስ ትችላለች። የጤና ባለሙያ ጠይቁ፤ በመጀመሪያ ግንኙነት የማይደሙ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ሰውነት ሁሉ አንድ አይደለም። በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት የድንግልና ምርመራ የሚባለው ነገር ምንም የሳይንስ መሠረት የለውም፣ ይቅር ብለው በአንድ ድምፅ ጠይቀዋል። ማንንም ሳታውቅ ቆይታ በጨርቅ የተዋረደች ሙሽራ በየመንደሩ ስንት አለች? ስታውቅም ስድብ፣ ሳታውቅም ስድብ። አስገራሚው ደግሞ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ «ጠብቀሽ ቆዪ» የተባለችው ያችው ልጅ ሠላሳ ዓመት ሲሞላት ስለጠበቀች «ምን ነክቷት ነው?» መባሏ ነው። በየትኛው የልደት ቀን ነው ክብሩ ወደ በሽታ የሚለወጠው? የሚነግረኝ ካለ እንገናኝ።

ከተማው ይህን ሁሉ ቀየረው። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2005 በተደረጉት ጥናቶች አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው ልጅ በአማካይ ከሁለት በታች ሆኖ ተገኘ፤ አፍሪካ ውስጥ ያኔ ያልተለመደ ቁጥር ነው። አጥኚዎቹ ዋናው ምክንያት ብለው ያስቀመጡት የጋብቻ መዘግየትን ነው፤ ከጀርባው ደግሞ የሥራ ማጣትና የቤት ችግር አለ። ቤት የሌለው ሰው ምን ጎጆ ይወጣል? ጎጆው እኮ ቃል በቃል ጠፋ! የእኔ ቢጤ መምህር ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከጤፍ ጋር ትግል ገጥሞ ወሩ ሳይጋመስ ይሸነፋል። ይህን ሰው «ወንደላጤ» ብለን ስም አወጣንለት፤ ቢያንስ ለወንዱ ቀለል ያለ ስም አለ። ለሴቷ ግን ያንኑ የአያቶቻችንን ቃል ተውንላት።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፤ ጃፓን ውስጥ በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ18 እስከ 34 ዓመት ካሉት ያላገቡ ወንዶችም ሴቶችም ከአራት አሥረኛ በላይ የሚሆኑት የግብረ ሥጋ ልምድ የለንም ብለዋል። ሚሊዮኖች ናቸው። ሐኪም ናቸው፣ መሐንዲስ ናቸው፣ ባቡር ይነዳሉ። ሁሉም ላይ ዛር ሰፍሮ ነው እንዳትሉኝ ብቻ።

ከተመረቁት ተማሪዎቼ መሀል አልፎ አልፎ የሚጽፉልኝ አሉ። ማንነታቸውን አልገልጽም። አንዷ ሥራ ይዛለች፣ እናቷን ትጦራለች፣ ወንድሟን ታስተምራለች፤ ቤተሰቦቿ ግን ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር «ዓይነ ጥላሽ ይገለጥ» እያሉ ጠበል ለጠበል ያዞሯታል። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እሷም አማኝ ናት። የከፋት ግን «ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ ጋሼ? አልታመምኩም እኮ» የሚለው ነው። ሌላው ልጅ ደግሞ ጓደኞቹ ሲጠይቁት የሌለች ፍቅረኛ ፈጥሮ፣ ስም አውጥቶላት፣ አጣልቶ፣ አለያይቶ ጨረሰ። ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። ግን ለሁለት ዓመት መዋሸት ቀላል ድካም አይደለም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ለእነሱ ብቻ ብዬ አይደለም፤ እነሱስ ዐዋቂ ናቸው፣ ይችሉታል። «ቆሞ ቀር» የሚለው ቃል በጣም የሚጎዳው የሠላሳ አምስት ዓመቷን አይደለም። የአሥራ ሦስት ዓመቷን ነው። ሕጉ አለ። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል፤ የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜ ጋብቻን በእስራት ያስቀጣል፤ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት። አባቶች ይህን አያውቁም ማለት አይቻልም። ከእስር የበለጠ የሚፈሩት ስላለ ነው።

እዚሁ ምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ሙከራ ተደርጎ ነበር። ወላጆች ልጃቸውን ላለመዳር ቃል ይገባሉ፣ ልጅቱ ትማራለች፣ ሲያልቅ ለቤተሰቡ በግ ወይ ፍየል ይሸለማል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታይ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የመዳራቸው ዕድል ፕሮግራሙ ካልገባበት ቦታ ጋር ሲነጻጸር አንድ አሥረኛ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ትልቅ ውጤት ነው። ግን ብዙ ሰው የማያነሣው ሌላው ግማሽ አለ፤ ከ15 እስከ 19 ያሉት ሴቶች እንዲያውም ከሌላው ቦታ ይልቅ የመዳራቸው ዕድል ከፍ ብሎ ነበር። እንደ እኔ ንባብ አባቶቹ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ልጆቹ አሥራ አምስት ሲሞላቸው ደግሞ ያ የድሮ ፍርሃት እንደ ጎርፍ መጣ። ፍየል የምትገዛው የሁለት ዓመት ትዕግሥት ነው። «ሳታገባም ሰው ናት» የሚለውን ሐሳብ አትገዛም።

አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት አካባቢ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ እናንተም ታያላችሁ። ቅርብ ጊዜ አንድ አባት መንገድ ላይ አገኘሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ መልካም ሰው ነው። ልጁ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው። ሽማግሌ ተልኮለታል።

«ትምህርቱም የለ እንግዲህ፤ ቆማ እንዳትቀርብኝ» አለኝ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ አራት ልትይዝ ነው።»

«ቆማ ብትቀርስ ምን ትሆናለች?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና ምክንያት ፈለገ። በእርሻ የሚጦራት ወንድም አላት፣ መሬትም አለ፣ እናቷም በሕይወት አለች። ቢያስብ ቢያስብ አንድ ነገር ብቻ አገኘ፤ «ሰው ምን ይለኛል?»

ስለ ሰብለወንጌል ነገርኩት። አባቷ በሌላ መንገድ ስለ ሰው አፍ ሲጨነቁ እንዴት እንዳጠፏት። መጽሐፉን አላነበበም፤ በሬዲዮ ግን ሰምቶታል። «እሱስ እውነት ነው» ብሎ በትሩን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። ሽማግሌዎቹን ለመስከረም ቀጥሯቸዋል።